የቲዩብ ዘመን ኦሲሎስኮፕ በጣና ዳር፦ ጥገናው ከየት ይጀመራል?

አንድ አሮጌ ባለ ቲዩብ ኦሲሎስኮፕ ከትምህርት ቤት መጋዘን ሲወጣ ሁለት ዕጣ ይጠብቀዋል። አንዱ በኪሎ ተመዝኖ ለቁራሌው መሄድ ነው፤ ትራንስፎርመሩ መዳብ፣ አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ጥቂት ብር አያጣም። ሌላው ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ መጠገን ነው። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ወዲያው ከክርክር መሃል ይገባል። ለዓመታት የተኛ መሣሪያ በሙሉ ቮልቴጅ ይብራ ወይስ ቀስ እየተባለ ይጨመርለት? ለዓመታት የተኛ መሣሪያ በሙሉ ቮልቴጅ ይብራ ወይስ ቀስ እየተባለ ይጨመርለት? ቲዩብ በመፈተሻ ይመዘን ወይስ በመቀያየር? ጠጋኞች በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ለአሥርት ዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል።

ክርክሩን የምመዝነው ከጎርጎራ ተነስቼ ነው። ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ላይ የተቀመጠች ወደብ ናት፤ ከባሕር ዳር የሚለያት ሐይቁ ነው። እዚህ የተበላሸ ነገር ወይ ባለበት ይጠገናል ወይ ባለበት ይቀራል። መለዋወጫ ታዝዞ በማግስቱ ደጃፍ በሚደርስበት አገር የተጻፈ የጥገና ምክር እዚህ ሲመጣ ግማሹ አይሠራም። የትኛው ግማሽ እንደሚሠራ መለየት ደግሞ ለጎርጎራ ብቻ ሳይሆን ለባሕር ዳር፣ ለጎንደርና ለሌላውም የአገራችን ክፍል ይጠቅማል።

ቴስተር ስንት ቮልት እንዳለ ይነግረናል። ቮልቱ በሰከንድ ሺኛ ውስጥ እንዴት እንደወጣና እንደወረደ የሚያሳየን ግን ኦሲሎስኮፕ ነው። መሠረቱ ጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1897 የሠራው የካቶድ ጨረር ቲዩብ ነው። ብራውን ከማርኮኒ ጋር የ1909ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተጋራው ግን በገመድ አልባ ቴሌግራፍ ሥራው ነበር። የቀድሞዎቹ ኦሲሎስኮፖች ትልቁ ችግር ሞገዱ በስክሪኑ ላይ አልረጋ ማለቱ ነው። ሃዋርድ ቮለምና ጃክ መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1946 በፖርትላንድ ከተማ የመሠረቱት ቴክትሮኒክስ፣ በቀጣዩ ዓመት 511 የተባለውን ሞዴል በ795 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ ይህን ችግር የሚፈታ መሣሪያ በተራው ላቦራቶሪ እጅ ገባ፤ የስክሪኑ መስመር የሚነሳው የሚለካው ሲግናል ራሱ ትሪገር ሲያደርገው ነውና ሥዕሉ ቦታውን አይለቅም። በ1950ዎቹ የተከተሉት 535 እና 545 በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ የታወቁ ሆኑ። በሶቪየት ኅብረት በኩል ደግሞ ኤኦ-7፣ በኋላ ኤስ1-1 የተባለው፣ ለትምህርትና ለሬዲዮ ጥገና በሰፊው ተሠራጭቷል። የዚህኛው አቅም 250 ኪሎኸርዝ ገደማ ሲሆን 545 ግን ወደ 30 ሜጋኸርዝ ይደርሳል።

ይህ ዘመን የጣና ዳር የኤሌክትሪክ ሙያ ከተወለደበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትና በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ትብብር ተቋቁሞ የኤሌክትሪክ፣ የብረታ ብረት፣ የጨርቃ ጨርቅና የእርሻ መሣሪያ ሙያተኞችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። 11.4 ሜጋዋት አቅም የነበረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያም እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀመረ። በዚያው ሰሞን በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ተከፈተ፤ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያም ሥርጭት ጀምሮ ነበር። ሁሉም የቆሙት ቲዩብ ቦታውን ለትራንዚስተር መልቀቅ በጀመረበት ጊዜ ነው። ኢትዮጵያ ከሁለቱም የዓለም ጎራ እርዳታ ትቀበል ስለነበር፣ የዚያን ዘመን መጋዘን የሚከፍት ሰው በሲሪሊክ ፊደል የተጻፈበትንም በ117 ቮልት የሚሠራውንም ዕቃ ሊያገኝ ይችላል።

ስለዚህ ጠጋኙ መጀመሪያ የቲዩቦቹን ስም አነባበብ ይወቅ። በአሜሪካና በሶቪየት ስያሜ የፊተኛው ቁጥር የማሞቂያውን ቮልቴጅ ይጠቁማል፤ 6 ሲል 6.3 ቮልት ነው። አውሮፓውያኑ ይህንኑ በ«ኢ» ፊደል ይገልጻሉ። ስለዚህ አሜሪካዊው 6ዲጄ8 እና አውሮፓዊው ኢሲሲ88 አንድ ቲዩብ ናቸው፤ 12ኤኤክስ7 እና ኢሲሲ83ም እንዲሁ። የሶቪየቱ 6ኤን8ኤስ የአሜሪካውን 6ኤስኤን7 ይተካል። ይህን ያላወቀ ሰው መለዋወጫው በእጁ እያለ «የለም» ብሎ መሣሪያውን ይዘጋዋል።

ከሁሉ በፊት ግን ሕይወት። በ545 ውስጥ የካቶድ ጨረር ቲዩቡን የሚያንቀሳቅሰው ጠቅላላ ቮልቴጅ 10,000 ገደማ ነው፤ ሰው የሚፈራውም እሱን ነው። እኔ ይበልጥ የምፈራው «ዝቅተኛ» የሚባሉትን 350 እና 500 ቮልቶች ነው፤ ከኋላቸው ትልልቅ ካፓሲተር ስላለ ሰውን ይዞ የሚያስቀር ከረንት አላቸው። መብራቱ ከጠፋና ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ በሬዚስተር በኩል እስኪራገፉ፣ መራገፋቸውም በቴስተር እስኪረጋገጥ ድረስ እጅ ወደ ውስጥ አይገባም። በርቶ ሲለካ በአንድ እጅ ብቻ፣ ሌላው ከሳጥኑ ርቆ። ብቻውን በቤት ውስጥ ሆኖ ይህን ሥራ መጀመርን አልመክርም፤ ማብሪያ ማጥፊያውን የሚያውቅ ሰው አጠገብ ይኑር።

ወደ መጀመሪያው ክርክር እንሂድ። ቀስ ብሎ ማብራትን የሚደግፉት ምክንያት አላቸው። ለዓመታት የተኛ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር በውስጡ ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ይሳሳል፤ ሙሉ ቮልቴጅ በድንገት ሲመጣበት ይግላል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። ቮልቴጁ ቫሪያክ በሚባለው ተስተካካይ ትራንስፎርመር በቀስታ ሲጨመር ሽፋኑ ራሱን ይሠራል። ተቃዋሚዎቹም እውነት አላቸው፤ የእነዚህ ኦሲሎስኮፖች ፓወር ሰፕላይ ራሱን በቲዩብ የሚቆጣጠር ስለሆነ በግማሽ ቮልቴጅ አይሠራም፣ ማሞቂያው ሳይግል፣ ሪሌዩ ሳይያዝ ይቀራል፤ ጠጋኙም ጤነኛውን እንደ በሽተኛ ይቆጥራል። እኔ የምቀበለው ሦስተኛውን መንገድ ነው፦ ካፓሲተሮቹን ከሰርኪዩቱ ለያይቶ፣ እያንዳንዱን ከውጭ ምንጭ በትልቅ ሬዚስተር በኩል ለብቻው ማንቃትና የሚያፈስሰውን ከረንት መለካት። ቀን ይፈጃል፤ ነገር ግን ቫሪያክ አይጠይቅም። ቫሪያክ የሚፈልግ ደግሞ በሞተር የሚሠራ አሮጌ ስታብላይዘር ውስጥ ያገኘዋል፤ ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ተንቀሳቃሽ ብሩሽ ያለው ጥቅል እሱ ራሱ ነው። ከመስመሩ ጋር በተከታታይ አምፖል ማሰር የተለመደ ዘዴ ቢሆንም፣ 500 ዋት አካባቢ ለሚበላ መሣሪያ የሚጠቅመው ሾርት መኖሩን በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ለማየት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ክርክር ይበልጥ ይከፋል። «ካፓሲተሩን ሁሉ ለውጠው፣ ከዚያ አብራው» የሚለው ምክር መለዋወጫ በርካሽ በሚገኝበት አገር የተለመደ ነው። እኔ በብርቱ እቃወመዋለሁ፤ መቃወሜም ከድህነት አይደለም። አንድ መቶ ቦታ የበየደ ሰው አንድ መቶ አዲስ የስህተት ዕድል ፈጥሯል፤ መሣሪያው አሁንም ባይሠራ ስህተቱ የድሮው ይሁን የእሱ አያውቅም። በቴክትሮኒክስ ሳጥኖች ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ዕቃዎቹ የተበየዱት በሴራሚክ ሰሌዳ ላይ በተጣበቀ የብር ሽፋን ነው። ተራ የመበየጃ እርሳስ በተደጋጋሚ ሲነካው ብሩን ይበላውና ሰሌዳው ከዚያ በኋላ አይዝም። ለዚህ ነው ፋብሪካው 3 በመቶ ያህል ብር ያለበትን እርሳስ በትንሽ ጥቅል አድርጎ በየመሣሪያው ውስጥ ያስቀመጠው። ጥቅሉ ካልጠፋ እንደ ወርቅ ይያዝ። ያለ ልኬት የሚለወጡ ሁለት ነገሮች ብቻ አሉ፦ የጥቁር ላስቲክ መልክ ያላቸው የወረቀት ካፓሲተሮች በማጣመሪያ ቦታ ላይ ሲገኙ፣ እና የተሰነጠቀ የመብራት ገመድ።

መለካቱ ከየት ይጀምር? በዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ከፓወር ሰፕላዩ ነው። በ530 እና 540 ተከታታይ ሞዴሎች ውስጥ ኔጌቲቭ 150 ቮልት የሌሎቹ ሁሉ መለኪያ ነው። ግንበኛ ቱንቢው ከተዛባ ግድግዳውን በምንም መንገድ ቀጥ አያደርገውም፤ ኔጌቲቭ 150ውም ካልተስተካከለ 100፣ 225፣ 350 እና 500 ቮልቶቹ እውነት አይናገሩም። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ምንም ባይታይ የመጀመሪያው ጥያቄ «የስክሪኑ ቲዩብ ሞተ ወይ?» አይደለም። መሣሪያው በርቶ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሲቆይ የሪሌዩ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ ወይ? ካልተሰማ ማዘግያው አልሠራም፣ ከፍተኛው ቮልቴጅ አልተለቀቀም። ከተሰማ አምስቱን ቮልቶች በተራ መለካት። አንዱ ቢያንስ እሱን የሚመግበውን ሬክቲፋየር ማየት። የቀድሞዎቹ ሞዴሎች የሴሌኒየም ሬክቲፋየር አላቸው፤ ሲያረጅ ውስጣዊ መቋቋሙ ይጨምርና ቮልቴጁን ያወርዳል፣ ሲቃጠል ደግሞ የሚለቀው ክፉ ሽታ መርዛማ ነው። ሽታው ከመጣ ማጥፋት፣ መስኮት መክፈት፣ ከክፍሉ መውጣት ነው። በሲሊከን ዳዮድ ሲተካ ቮልቴጁ ከቀድሞው ከፍ ስለሚል በተከታታይ ሬዚስተር መጨመር ይገባል።

ቮልቶቹ ከተስተካከሉና መስመሩ አሁንም ካልታየ፣ እነዚህ መሣሪያዎች ራሳቸው ይመሰክራሉ። በስክሪኑ አካባቢ የሚበሩት ትንንሽ የኒዮን መብራቶች ጨረሩ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መሸሹን ያሳያሉ። አምፕሊፋየሩ ከመግቢያው እስከ ስክሪኑ ቲዩብ ድረስ በሁለት ተመሳሳይ ጎኖች የሚሄድ ስለሆነ፣ ጠጋኙ ሁለቱን ጎኖች በሽፋን በተጠበቀ ገመድ ያገናኛል፤ ከስክሪኑ ሰሌዳዎች ጀምሮ ወደ ኋላ፣ አንድ ደረጃ አንድ ደረጃ እያለ። ሲያገናኝ ጨረሩ ወደ መሃል ከተመለሰ ከዚያ ነጥብ እስከ ስክሪኑ ያለው ጤነኛ ነው። ወደ ኋላ ሲሄድ ጨረሩ አልመለስ ያለበት ቦታ ላይ ብልሽቱ በዚያ ነጥብና ቀደም ብሎ በተሞከረው ነጥብ መካከል ነው። ከዚህ የበለጠ ለተማሪ የሚሆን የምርመራ ትምህርት አላውቅም፤ የሚፈልገው አንድ ገመድና ማሰብ ብቻ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። በ545 ውስጥ በርካታ ትንንሽ የማስተካከያ ብሎኖች የተደረደሩበት የማዘግያ መስመር አለ። መሣሪያው ስላልሠራ እነሱን ማዞር የጀመረ ሰው አንዱን ብልሽት ብዙ አድርጎታል። አይነኩ!

ሦስተኛው ክርክር፣ የቲዩብ መፈተሻ ነገር፣ በአጭሩ ያልቃል። መፈተሻው የሞተውን ከሕያው ይለያል፤ ለኦሲሎስኮፕ ግን የሚያስፈልገው ሁለት ቲዩቦች እኩል መሆናቸው ነው። ይህን መሣሪያው ራሱ በተሻለ ይናገራል። በተጨማሪ፣ ማሞቂያው እየጋለ ከረንት ሳያሳልፍ ብዙ ሰዓት የኖረ ቲዩብ በካቶዱ ላይ ሽፋን ያበጅና ቀርፋፋውን ሲግናል ያዛባል፤ ተራ መፈተሻ ይህን አያይም። ቲዩብ ሲወጣ የወጣበት ቦታ ይጻፍ፤ ለውጡ ካልጠቀመ ወደ ቦታው ይመለስ። አዲስ ቲዩብ በሙሉ ገዝቶ መሙላት ገንዘብ መጣል ነው፤ ከሶኬቱ አንዴ ነቅሎ መልሶ መሰካት ብቻ የሚፈውሰው ብልሽት ብዙ ነው።

ከበድ ያለው ነገር ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ትራንስፎርመር ነው። ምልክቱ አይሳሳትም፦ መሣሪያው ሲበራ ደህና ነው፤ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ቆይቶ ሲሞቅ ሥዕሉ እየሰፋ፣ እየደበዘዘ ሄዶ ይጠፋል። የጥቅሉ መከለያ ከሙቀት ጋር ከረንት ማፍሰስ ጀምሯል። ከዚህ ትራንስፎርመር የሚገኘውን ኔጌቲቭ 1,350 ቮልት በሙቀትም በቅዝቃዜም መለካት ያረጋግጠዋል፤ የሚለካበት ቴስተር ግን ይህን ቮልቴጅ የሚችል ይሁን። ሙሉ መፍትሔው እንደገና መጠቅለል ነው። በየከተማው ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች አሉን፤ እጃቸው ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ የሚጎድለው የጥቅሉ ዝርዝርና ተስማሚው መከለያ ነው። ከዚያ በፊት የሚሞከር ቀላል ነገር አለ፦ 5642 የተባሉትን የከፍተኛ ቮልቴጅ ሬክቲፋየር ቲዩቦች በሲሊከን ዳዮዶች መተካት። የቲዩቦቹ ማሞቂያ ከትራንስፎርመሩ የሚወስደው ጉልበት ስለሚቀር፣ የደከመው ትራንስፎርመር ተጨማሪ ዕድሜ ያገኛል። የስክሪኑ ቲዩብ ራሱ ከደከመ ግን በቀጥታ የሚተካ የለም፤ ስለዚህ ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ መጠቀም፣ የቆመ ነጥብ በአንድ ቦታ አለማቃጠል ግዴታ ነው።

አሁን በየትኛውም የፋብሪካ መመሪያ በበቂ ወዳልተጻፈው፣ ወደ ሐይቁ አገር ጠባይ እንመለስ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል፤ ከፍተኛ ቮልቴጅም በቀላሉ ይዘልበታል። ለአሜሪካው 60 ኸርዝ የተሠራ ቬንትሌተር ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ ሲዞር ፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደመሩ፣ 500 ዋት ሙቀት የሚያወጣ ሳጥን እዚህ ከተሠራበት አገር ይልቅ ይግላል። ከጀርባው ያለውን የአየር ማጣሪያ በሳሙና ማጠብ፣ ሳጥኑን ከግድግዳ ማራቅ፣ የሙቀት መቁረጫው መሥራቱን ማረጋገጥ ከማንኛውም ውድ መለዋወጫ ይቀድማል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የክረምት እርጥበት ሌላው ጠላት ነው። አቧራ እርጥበት ሲጠጣ ከፍተኛ ቮልቴጅን ያስተላልፋል፤ ክረምት ብቻ የሚያመው መሣሪያ ብልሽቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ቴክትሮኒክስ ራሱ መሣሪያዎቹን በውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥቦ በሞቃት አየር ያደርቅ ነበር፤ እኛም ይህን ብናደርግ ድፍረት አይደለም። ማድረቁ ግን ቀናት ይወስዳል፤ በጋ ይመረጥ። የመሣሪያው ትራንስፎርመር በ117 ይሁን በ234 ላይ መታሰሩ ሳይታይ ወደ ግድግዳ ሶኬት መሰካት ደግሞ በአንድ ሰከንድ ሁሉን ያበቃል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣውን የቮልቴጅ ዝላይ ለመከላከል፣ መብራት ሲጠፋ ማብሪያ ማጥፊያውን ወዲያው መዝጋት ይለመድ።

መለዋወጫው ከየት ይምጣ? ከሞቱ ቴሌቪዥኖች። በየቤቱ የተጣለው ከርሰ ሰፊ ቴሌቪዥን በውስጡ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚችሉ ዳዮዶች፣ ሴራሚክ ካፓሲተሮችና የ400 ቮልት ኤሌክትሮሊቲኮች ይዟል። በኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ውስጥም ትንንሽ የ400 ቮልት ካፓሲተሮች አሉ፤ እነዚህ ግን በሙቀት ውስጥ ስለኖሩ ሳይለኩ አይታመኑ። ዳዮዱንና ሴራሚኩን ከአሮጌ ዕቃ መውሰድ ደህና ነው። ለዋናው ፓወር ሰፕላይ የሚሆነውን ኤሌክትሮሊቲክ ግን አዲስ መግዛት ይሻላል፤ እዚያ ላይ ቁጠባ ትራንስፎርመሩን ያስበላል።

ይህ ሁሉ ድካም ይገባዋል ወይ? የዕለት የጥገና ሥራ ለሚሠራ ባለሙያ መልሴ አይገባውም ነው። ትንሽ ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ ቀላል ነው፣ መብራት አይበላም፣ አቅሙም ይበልጣል፤ ለሥራ እሱን ይግዛ። ለትምህርት ቤት ግን መልሱ ሌላ ነው። ዲጂታሉ ሲበላሽ ተማሪው የሚያየው አንድ ጥቁር ቺፕ ነው። በባለ ቲዩቡ ውስጥ እያንዳንዱ ደረጃ በዓይን ይታያል፣ በቴስተር ይለካል፣ በእጅ ይነካል፤ አምፕሊፋየር ምን እንደሆነ፣ ትሪገር እንዴት እንደሚነሳ፣ ጨረር በምን እንደሚታጠፍ ከሰሌዳ ላይ ሥዕል ወጥቶ ሥጋ ይለብሳል። አንድ የተበላሸ 545 ወይም ኤኦ-7 ለአንድ የኤሌክትሪክ ክፍል የአንድ ሴሚስተር ላቦራቶሪ ይሆናል፤ ባይሠራም እንኳ።

በየተቋሙ የንብረት ማስወገጃ ኮሚቴ ውስጥ ላላችሁ፣ በተለይም በጣና ዙሪያ ባሉ ኮሌጆችና ትምህርት ቤቶች ለምትሠሩ፣ የምለምነው አንድ ነገር ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ በጨረታ ከመውጣቱ በፊት የኤሌክትሪክ መምህሩ ይየው። መመሪያ መጽሐፉ ከተገኘ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይቀመጥ፣ ቅጂውም በቤተ መጻሕፍት ይኑር። መለዋወጫ ሲጠፋ ከሌላ ይተካል፤ የሰርኪዩት ንድፉ ከጠፋ ግን የኔጌቲቭ 150 ቮልቱን መለኪያ ነጥብ እንኳ የሚያገኝ ሰው አይኖርም።